ከባዱ ፊዚክስ

ዱካሞ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ሳይለካ የሚያምን ሰው አልነበረም። ዱራሜ ከተማ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የመሰናዶ ተማሪዎችን ፊዚክስ አስተምሯል፤ ደቡብ አፍሪካ፣ አሌክሳንድራ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦ፣ ዱቄትና ኤርታይም ሲሸጥ እነሆ አሥራ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሥራው ተለወጠ እንጂ ጠባዩ አልተለወጠም። ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀምጦ፣ መብራት በሄደ በስንት ደቂቃ ወተቱ መሞቅ እንደሚጀምር ያውቃል። የሱቁ በር በዝናብ ወራት በስንት ሚሊ ሜትር አብጦ እንደሚይዝ ያውቃል።

የሰፈሩ ሰው ማንኛውንም ሐበሻ ባለሱቅ በሚጠራበት ስም «ማይ ፍሬንድ» ይለዋል። የአገሩ ሰው ግን፣ ከካትሌሆንግ እስከ ሜይፌር፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «መምህር» ነው የሚለው። ከድሮ ኑሮው ተርፎ፣ ድንበር ሁሉ አብሮት የተሻገረው ይህ አንድ ቃል ብቻ ነበር። በየዓመቱ ጥር ላይ የማትሪክ ውጤት ሲወጣ ወላጆች ልጆቻቸውን እያስከተሉ ወደ እሱ ይመጣሉ። ምን ያጥና? የትኛው ይሻላል? ልጁ ለብቻው የመረጠው ኮርስ ገና ረቂቅ ነው፤ መምህር አይቶ «ይሁን» ሲል ነው የሚጸናው። ዱካሞም ይህን ሥራ እንደ ቀልድ አይቶት አያውቅም። መነጽሩን ጠርጎ፣ እያንዳንዱን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አንብቦ ነበር የሚፈርደው።

ብርሃኔ ልጁን ሶልያናን ይዞ የመጣው በአንድ ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ብርሃኔ ካትሌሆንግ ውስጥ ሱቅ ያለው የሆሳዕና ሰው ነው፤ ዱካሞን በዕድሜ በሁለት ዓመት ቢበልጠውም አንድም ቀን «አንተ» ብሎት አያውቅም።

«መምህር፣ ይቺ ልጅዎ ናት» አለ፣ ልጅቱን በትከሻዋ ይዞ ወደ ፊት ገፋ እያደረገ። «ሐኪም እሆናለሁ ትላለች። በማትሪኳ በቀጥታ አልወሰዷትም፤ ቦታው ጥቂት ነው አሉ። አሁን ሌላ በር አለ ትላለች። እኔ በር የማውቀው የሱቅ በር ነው።»

ሌላው በር እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ባዮሎጂ አጥንቶ በዲግሪ ወደ ሕክምና ማመልከት ይቻላል። አመልካቹ ግን የአንድ ዓመት ፊዚክስ ወስዶ ስድሳ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። በዚያ ላይ የሚቆጠረው የመጀመሪያ ሙከራ ውጤት ብቻ ነው፤ ደግሞ መውሰድ ቢቻልም ለሕክምና አያገለግልም። ሶልያና ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ አድርጋ ጽፋ መጥታ ነበር። ዱካሞ ሰንጠረዡን ሲያይ ደስ አለው፤ መስመሮቹ በማስመሪያ የተሠመሩ ነበሩ።

«ሁለት ፊዚክስ አለ፣ መምህር» አለች። «አንደኛው ፊዚክስ ሜጀር ለሚያደርጉትና ለኢንጂነሮች ነው፤ ካልኩለስ አለው። ሁለተኛው ለላይፍ ሳይንስ ነው፤ አልጀብራ ብቻ ነው የሚጠቀመው። ሜዲሲን ሁለቱንም ይቀበላል።»

«እኩል?»

«እኩል ይላል። ይኸውና፣ ተጽፏል።»

ዱካሞ አነበበው፤ እውነትም ተጽፏል። ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት።

«ወረቀት እንዲህ ይላል፤ ሰው ግን እንዲህ አይመርጥም። ሁለት ልጆች ስድሳ አምስት ስድሳ አምስት ይዘው ቀረቡ እንበል። አንዷ ከከባዱ፣ አንዷ ከቀላሉ ነው ያመጣችው። መራጯ አንቺ ብትሆኚ የትኛዋን ትወስጃለሽ?»

«ከባዱን የወሰደችውን።»

«በቃ።»

«አየሽ!» አለ ብርሃኔ፣ ራሱ ያሸነፈ ይመስል። «እኔ ብነግራት ሦስት ቀን ትከራከረኝ ነበር።»

ሶልያና ሰንጠረዡን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። ዱካሞ ያን ቀን የተናገረው ነገር ሲያዩት እንከን አልነበረውም።

በሳምንቱ ቅዳሜ መጽሐፍ ሊገዙ ወጡ። ዱካሞ ሱቁን በቀን ዘግቶ ሲወጣ ከዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባለ አሮጌ መጽሐፍ ቤት ውስጥ ሁለቱም መጻሕፍት በአንድ መደርደሪያ ላይ ነበሩ። የቀላሉ ኮርስ መጽሐፍ ሽፋን ላይ የአንድ ሯጭ ጉልበት በኤክስሬይ ይታያል። ዱካሞ ገለጥ ገለጥ አደረገው፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ፣ የተሰበረ አጥንት።

«ይሄማ የጤና ጣቢያ ፖስተር ነው» አለ።

ሶልያና ሳቀች። ሳቋ ካለቀ በኋላም እጇ ከመጽሐፉ ጠርዝ ላይ አልተነሳም ነበር። ዱካሞ ይህን አየ፤ እሱ የማያየው ነገር የለም። ያየውን ሁሉ ግን አይመዝንም።

የከባዱ ኮርስ መጽሐፍ አንድ ሺህ አምስት መቶ ገጽ ነው። ዱካሞ የጀርባውን ስፌት በጣቱ ፈተሸ፤ በመጨረሻ ያሉት የመልስ ገጾች አለመቀደዳቸውን አየ፤ እትሙ አሮጌ ስለሆነ የጥያቄዎቹ ተራ ቁጥር ከአዲሱ ጋር ይገጥም እንደሆነ አርባ ደቂቃ ቆሞ አመሳከረ። ከዚያ ሱቅ ተመልሶ፣ አገር ቤት ተማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ባለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ለበደው። በላዩም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት «ሶልያና ብርሃኔ» ብሎ ጻፈ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከካትሌሆንግ በሁለት ታክሲ ትመጣለች። ከባንኮኒው ጀርባ በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጣ፣ እሱ ቆሞ፣ ያስተምራታል። ዘዴው ዱራሜ ያስተማረበት ነው፤ መጀመሪያ ጊቭን፣ ማለትም የተሰጠው፤ ቀጥሎ ሪኳየርድ፣ የሚፈለገው፤ በመጨረሻ ሶሉሽን። ሦስቱን ርዕሶች ሳያሰምር ጥያቄ የጀመረ ተማሪ በእሱ ክፍል ዜሮ ነበር የሚያገኘው። የመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች በእንዲህ ያለ ደስታ አለፉ። እንቅስቃሴ፣ ኃይል፣ ተዳፋት ላይ የሚንሸራተት ሣጥን፤ ሁሉም የድሮ ጓደኞቹ ነበሩ።

«ማይ ፍሬንድ! ብሬድ!» ይላል አንዱ ከፍርግርጉ ውጭ።

«አንድ ደቂቃ! ሰበቃው ላይ ነን!» ይላል ዱካሞ በአማርኛ፣ ዳቦውን እያቀበለ።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት የሰፈሩ አሮጊት ከፍርግርጉ ተጠግተው ልጅቱን አጮልቀው አዩና «ልጅህ ናት እንዴ?» ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁት።

«ዶክተር ናት» አላቸው።

«ሃይቦ! እንግዲያው ጉልበቴን ትይልኝ።»

«ስድስት ዓመት ይታገሡ፣ ጎጎ» አላቸው፣ የሰፈሩ ሰው አያቱን በሚጠራበት ቃል።

«ስድስት ዓመት ጉልበቴ አይቆይም። አንተ ራስህ እየው!» አሉና ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ሁለቱንም አሳቋቸው።

ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ስለሚሽከረከሩ አካላት በሚያወራው ክፍል፣ የዱካሞ መልስ ከመጽሐፉ መልስ ጋር አልገጠመም። ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ጥያቄዎቹን ቀድሞ በካርቶን ጀርባ ላይ መሥራት ልማዱ ነበር። እንደገና ሠራው፤ ያው መጣ። «የኅትመት ስህተት ነው» ብሎ በእርሳስ ምልክት አደረገበት። በማግስቱ ሌላ ጥያቄ አልገጠመም። እሱንም ምልክት አደረገበት። ሦስተኛው ሳይገጥም ሲቀር ካርቶኑን አጥፎ ከባንኮኒው ሥር ወረወረው። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አንድ የኅትመት ስህተት ይኖራል፤ ሁለትም ሊሆን ይችላል፤ ሦስት አይሆንም። ይህን ለተማሪዎቹ ደጋግሞ የነገራቸው እሱ ራሱ ነው። አንድ መሣሪያ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ንባብ ከሰጠ መሣሪያውን ፈትሹ ይል ነበር። መሣሪያው ግን አሁን እሱ ራሱ ነበር፤ አልፈተሸውም።

በዚያው ሰሞን፣ መጋቢት ላይ፣ ሶልያና ቀኗ ባልሆነ ቀን፣ ሐሙስ መጣች። የመጀመሪያውን ፈተና ወረቀት አወጣችና ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። አርባ ሰባት።

«ነገ ኮርስ የሚቀየርበት የመጨረሻ ቀን ነው፣ መምህር» አለች።

ዱካሞ ወረቀቱን አገላብጦ አነበበ። ጥያቄዎቹ በጊዜ የታጠሩ ነበሩ፤ እሷ በእያንዳንዱ ላይ ሦስቱን ርዕሶች አስምራ ጽፋለች። የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች አልደረሰችባቸውም። ከመካከለኞቹ አንዱ ከካርቶኑ ጥያቄዎች ጋር አንድ ዓይነት ነበር፤ እሱ እንዳስተማራት አድርጋ ሠርታለች፤ በቀይ ተሰርዟል።

«የክፍሉ አማካይ ስንት ነው?»

«ሃምሳ ሦስት። የቀላሉ ኮርስ ግን ስድሳ ስምንት ነው አሉ። ጓደኞቼ እዚያ ናቸው።»

ፊቷን አየ። ከንፈሯ ደርቋል፤ የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ይዛለች። ሐሙስ ቀን ሁለት ታክሲ ይዛ የመጣችው ፈቃድ ልትጠይቅ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነበር።

«አንድ ፈተና መለኪያ አይደለም» አለ ዱካሞ። «አንድ ነጥብ ይዘሽ መስመር አትስዪም። አሁን ከተውሽው ይሄ የመተው ነገር ይለምድብሻል። ሐኪም ደግሞ ከባድ ነው ብሎ በሽተኛ አይተውም። ቀጥዪ።»

«እሺ፣ መምህር» አለች። የቦርሳዋን ዚፕ ዘጋች፤ የፈተና ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ረስታው ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሲነገር አጭር ነው። ሰኔ ላይ ሃምሳ አምስት አመጣች። የኤሌክትሪክ ትምህርት ሲጀመር ዱካሞ በየቅዳሜው የሚችለውን ብቻ እየመረጠ ማስተማር ጀመረ፤ የማይችለውን «ይሄ ለፈተና አይመጣም» ይላታል። ይመጣ ነበር። ነሐሴ ላይ እሷም ገባት፤ ቅዳሜ መምጣቷን ግን አላቋረጠችም። እየመጣች፣ እሱ የሚችለውን እያዳመጠች፣ ሌላውን ሌሊት ለብቻዋ ትሠራ ነበር። ዱካሞ ዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረት ከሳምንት ሳምንት እየሰፋ ሲሄድ አስተውሏል።

ታኅሣሥ ላይ የመጨረሻው ውጤት ወጣ። ሃምሳ ስምንት። ሰባት ነጥብ ጎድሎ በሩ ተዘጋ።

ዱካሞ ውጤቱን ከብርሃኔ በስልክ ሰማ። በሦስተኛው ቀን ሱቁን ዘግቶ ወደዚያ አሮጌ መጽሐፍ ቤት ሄደ፤ ሽፋኑ ላይ የሯጩ ጉልበት ያለበትን የቀላሉን ኮርስ መጽሐፍ ገዛ። ለምን እንደገዛው ለራሱ በደንብ አላስረዳም። የገና ሰሞን የሰፈሩ ሰው ወደየአገሩ ስለሚሄድ አሌክሳንድራ ጭር ይላል፤ ደንበኛ በሌለበት ባንኮኒ ላይ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበው፤ እያንዳንዱን ጥያቄም ሠራ።

መጽሐፉ ቀላል አልነበረም። ካልኩለስ የለውም እንጂ ማሰብ ይጠይቃል። ስለ ደም ዝውውር ከሚያወራው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ አንድ ቀን ሙሉ ቆመ። የደም ሥር ሬዲየስ በግማሽ ቢጠብ፣ ግፊቱ ሳይለወጥ፣ የሚያልፈው ደም በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ራሱ ሠርቶ አየው፤ ገጠመ። ስለዚህ ነው ስብ የተጋገረበት ሥር ያለው ሰው ትናንት ደህና ውሎ ዛሬ የሚወድቀው። ዘጠኝ ዓመት የፈሳሽ ፍሰት ሲያስተምር አንድም ቀን ደም ብሎ አስቦ አያውቅም። ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይሄ ለምን ይጠቅማል?» ሲለው «ለፈተና» ነበር መልሱ። ሐኪም መሆን የምትፈልግ ልጅ መጥታለት፣ ለሐኪም የተጻፈውን መጽሐፍ ከእጇ ላይ አንስቶ መልሶ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦት ነበር።

የስህተቱንም ቦታ አገኘው። ጥር ላይ ያቀረበላት ጥያቄ «ሁለት ልጆች ስድሳ አምስት ይዘው ቢቀርቡ» የሚል ነበር። ስድሳ አምስቱ እኮ የሚፈለገው ነው! እሱ የሚፈለገውን ወስዶ ከተሰጠው ሥር ጻፈው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ቢሠራ ደብተሩን ይወረውርበት ነበር።

በገና ማግስት ወደ ካትሌሆንግ ሄደ። ብርሃኔ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ወንበር ጎትቶ አስቀመጠው፤ ሚስቱ አስካለች ለስላሳ ከፈተችለት።

«ብርሃኔ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለ ዱካሞ። «ልጅቷን የጣልኳት እኔ ነኝ። ኮርሱን የመረጥኩት እኔ፤ ልቀይር ስትል የከለከልኳት እኔ። ሁለተኛውን ብትወስድ ገብታ ነበር።»

«ኧረ በጌታ፣ መምህር! ምን ነካዎት? ዓመት ሙሉ የደከሙላት እርስዎ! እግዚአብሔር ያልፈቀደውን ማን ይሠራዋል?»

«እግዚአብሔርን ተወው። ቁጥሩን ተመልከት። ሃምሳ ስምንት።»

«ከከባዱ እኮ ነው ሃምሳ ስምንት! ከቀላሉ ቢሆን ሰማንያ ነበር!»

«እሱን እኮ ነው የምልህ፣ ብርሃኔ! ሰማንያ ነበር!»

«አዩ!» አለ ብርሃኔ በኩራት፣ ወደ ሚስቱ ዞሮ። «ሰማንያ! ራሳቸው መሰከሩ።»

ዱካሞ እጁ ላይ ያለውን ጠርሙስ ሳይቀምስ አስቀመጠው። ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ ብርሃኔም ይህን አየና የበለጠ አከበረው።

ሶልያና ወደ ታክሲው ማቆሚያ ሸኘችው።

«ያን ሐሙስ ቀን» አላት፣ «ስትመጪ ምን ወስነሽ ነበር?»

«መቀየሪያ ፎርሙን ሞልቼ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላስገባሽውም?»

ዞር ብላ አየችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለው ነበር።

«መምህር፣ እርስዎ እኮ ‹ቀጥዪ› አሉኝ።»

«በማግስቱ ብታስገቢው ማን ያውቅ ነበር?»

«ቅዳሜ ይጠብቁኝ ነበራ» አለች። «ጥያቄዎቹን በካርቶን ሠርተው። ከዚያ ምን እልዎታለሁ?»

አንድ ታክሲ መጥቶ ጡሩንባውን ነፋ፤ ሞልቷል፤ አለፈ።

«አሁን ምን ታደርጊያለሽ?»

«ባዮሎጂውን እጨርሳለሁ። ከዚያ እንጃ። አባዬ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ነው፤ አንዱን ያዢልኝ ይላል።» ቀጥላም «አይጨነቁ፣ መምህር» አለችው። ሁለተኛው ታክሲ ክፍት ቦታ ነበረው። ከውስጥ ሆኖ በመስኮቱ ሲያያት እጇን በትህትና፣ አንድ ተማሪ ለመምህሩ እንደሚያደርገው፣ ከደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

የካቲት መጀመሪያ ላይ ዱቄት ሊያመጣ ወደ ሜይፌር ሄደ። ጅምላ የሚሸጥለት ሚፍታህ የስልጤ ሰው ነው፤ ተጫዋች፣ ቸር፣ ክብሩን ግን የሚወድ። ዱካሞን ከሩቅ ሲያየው ከባንኮኒው ወጥቶ መጣ።

«መምህሬ! እግር ጥሎህ መጣህ! እኔው ልመጣ ነበር። ልጄ ራውዳ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ አልሐምዱሊላህ። ሐኪም ነው የምትሆነው፣ ኢንሻአላህ፤ በዚያ በሁለተኛው በር።»

ራውዳ ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። «ሃይ፣ አንክል» አለችው።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለ ዱካሞ። ከዚያም ሳይጠየቅ፣ ሰላምታው ገና ሳያልቅ፣ «ፊዚክሱን ቀላሉን ትውሰድ» አለ።

የሚፍታህ ፈገግታ ባለበት ቆመ። «ቀላሉን?»

«ለላይፍ ሳይንስ የሚሰጠውን። መጽሐፉ እኔ ጋ አለ፤ እሰጣታለሁ።»

«ለብርሃኔ ልጅ የትኛውን ነበር የመረጥክላት?»

«ከባዱን። ተሳስቼ ነው።»

«ለእሷ ከባዱ፤ ለእኔ ልጅ ቀላሉ።» ሚፍታህ ይህን የተናገረው ዕቃ እንደሚቆጥር ሰው ቀስ ብሎ ነው። «ራውዳ እኮ ከሶልያና በማትሪክ ትበልጣለች፣ መምህሬ።»

«የጉብዝና ነገር አይደለም፣ ሚፍታህ። ስማኝ። ያቺ ልጅ ሳትገባ የቀረችው በእኔ ነው።»

«እሱንማ ብርሃኔ ነግሮኛል። ቤቱ ድረስ ሄደህ ራስህን ስትወቅስ እንባ አነቀህ አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን በልጅቷ ያሳብብ ነበር። እውነት እልሃለሁ፣ ያን የሰማሁ ቀን ነው ‹ራውዳን ከዚህ ሰው ሌላ አያስተምራትም› ያልኩት።»

«ጥያቄዎቹን መሥራት አቅቶኝ ነበር እኮ!» አለ ዱካሞ ጮክ ብሎ። «ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ነው የቆምኩት። ኤሌክትሪኩን አላውቀውም። ካልኩለሱን ረስቼዋለሁ። ይገባሃል? አላውቀውም!»

ሚፍታህ ሳቀ። «ሙደሲር!» ብሎ ከጀርባ ከረጢት የሚደረድረውን ሠራተኛውን ጠራ። «ሰማህ? መምህር ፊዚክስ አላውቅም ይላል!»

«እሱ ካላወቀ እኛማ ሚዛንም ማንበብ አንችልም» አለ ሙደሲር፣ ከከረጢቶቹ መሀል።

«አንክል» አለች ራውዳ ቀና ብላ፣ «እኔ እኮ ሬጅስተር አድርጌያለሁ። የሶልያናን ኮርስ ነው የያዝኩት። ባባ የእሷን ያዢ አለኝ።»

ዱካሞ ወደ እሷ ዞረ። «እስከ መጋቢት መቀየር ይቻላል። ሕጉን አንብበሻል? ሁለቱን እኩል ነው የሚቆጥሩት።»

«አንብቤያለሁ።»

«ታዲያ?»

ራውዳ አባቷን አየች፤ ከዚያ ስልኳን አየች።

ሚፍታህ የዱካሞን ክንድ ይዞ ወደ ዱቄቱ ክምር ወሰደው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቁጡ አልነበረም፤ ተከፍቶ ነበር።

«መምህሬ፣ ለክርስቲያኑ ልጅ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አስተማርክ። ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ለእኛ ሲሆን ቀላሉን ትያዝ፣ አላውቅም፣ ረስቻለሁ ትላለህ። እኔ ክፉ አላስብም። ሰው ግን ምን ይላል?»

ዱካሞ ቆሞ አሰበ። እምቢ ቢል ልጅቷ ከባዱን አትለቅም፤ ያው ብቻዋን ትወጣዋለች፤ ሚፍታህም ይህን ነገር ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። እሺ ቢል የመቀየሪያው የመጨረሻ ቀን እስኪደርስ አምስት ቅዳሜ አለ። በአምስት ቅዳሜ ራውዳን አሳምኖ ኮርሱን ማስቀየር ይችል ይሆን? ሶልያና በራሷ አስባ፣ ፎርሙን ሞልታ መጥታ እንኳ ከእሱ አንድ ቃል ማለፍ አልቻለችም። ይቺ ደግሞ አባቷን ማለፍ አለባት። አባቷም ከዛሬ ጀምሮ ዱካሞ ስለ ቀላሉ ኮርስ አፉን በከፈተ ቁጥር የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። ደግሞ አሰበው፤ ያው መጣ።

«ትምጣ» አለ።

«አላህ ይስጥህ!» ሚፍታህ አቀፈው። «ራውዳ! መምህር እሺ ብለዋል። ቅዳሜ ስንት ሰዓት ትምጣ?»

«ሦስት ሰዓት።»

ራውዳ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ምን ይዤ ልምጣ፣ አንክል?»

ሙደሲር የዱቄቱን ከረጢት በትከሻው ይዞ ወደ በሩ አለፈ። ዱካሞ መንገድ ለቀቀለት።

«ደብተር» አላት። «ባለ ካሬውን።»